የእማማ ቦሰናን ፊት ፍለጋ ግምጃ ቤት ድረስ

ድሬዳዋ ላይ ወፍራም ካፖርት ማግኘት ቀላል አይደለም። ቀፊራ ገበያን ዞሬ ዞሬ ሲደክመኝ አንድ ልባሽ ጨርቅ ሻጭ ከክምሩ ሥር አንዱን ጎትቶ አወጣና «አቦ፣ የት ልትሄጂ ነው? በረዶ አገር ነው እንዴ?» አለኝ። «ጎጃም፣ አዊ። እንጅባራ የሚባል አገር» አልኩት። ሰምቶት አያውቅም። እኔም ከዚያ በፊት ስሙን የሰማሁት ከእትዬ እናኑ አፍ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ሙቀታቸውን ትተው ወደዚያ ደጋ ለማይወጡ የአገሬ ሰዎች ነው።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሌሎች ሠርግ ለሠርግ ይሮጣሉ፤ እኔ ሰውን አስቀምጬ፣ አጫውቼ፣ ሲረጋጋ ፊቱን አነሳለሁ። እትዬ እናኑ ጎረቤቴ ናት። ወታደር አግብታ ግምጃ ቤት ከምትባል የአዊ ከተማ አካባቢ የመጣች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት። ድሬ ላይ ለትልቅ ሰውም «አንቺ» ነው የምንለው፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቀን ስቱዲዮዬ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «የዓይን ግፊት ነው አለኝ ሐኪሙ» አለች። «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ሊሄድ ይችላል አለ። ሮማን፣ ከመጨለሙ በፊት የእህቴን ፊት ማየት እፈልጋለሁ።»

ታላቅ እህቷ እማማ ቦሰና እዚያው ግምጃ ቤት አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው አለሙ በተውሶ ስልክ ሊያነሳቸው ሞክሮ ነበር፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑበት። እትዬ እናኑ ራሷ እንዳትሄድ ደግሞ ጠርዝ ጠርዙ አይታያትም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ደረጃ ስታ ወድቃ ታውቃለች።

«ትልቅ አድርገሽ ነው የምትሠሪልኝ። በር የሚያህል። ፊቷን ብቻ። ትንሹ ፎቶ አይታየኝም» አለችኝ። ልትወጣ ስትል ዞረች። «ስለ ዓይኔ ግን አንድ ቃል እንዳትተነፍሺላት። ማይልኝ።»

ማልኩላት።

የመጀመሪያው ቀን

በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ስለ ባሕር ዳር ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ ያደርኩት ብቻ ነው። ካፖርቱን በክንዴ ላይ ይዤ ስዞር ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። እዚያ ገና አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ስል ድሬ ዝናብ ዘንቦ ለጥቂት ቀን እንደሚያምረን ዓይነት አይደለም፣ ማለቂያ የሌለው ነው። ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እናንተ አገር ምን ይበቅላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ማንጎና ብርቱካን አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፤ ከኪሱ የተጠበሰ በቆሎ አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ።

ዳንግላ ስንደርስ ረዳቱ «ከዚህ ወዲያ መንገድ ዝግ ነው፣ ውረዱ» አለ። ለምን እንደተዘጋ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም ቢኖር አይናገርም። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አልጋ ቤቶቹ ሮጠ። እኔ ካሜራዬን አንገቴ ላይ፣ ልብሴን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ስወርድ የመብራቴን ቦርሳ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ መኪናው ወደ ባሕር ዳር ዞሮ ሄዷል። ባለጃንጥላው ብልጭታዬ፣ ብርሃን የምመልስበት ሰሌዳ፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። የሹፌሩን ስልክ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ኔትወርክም የለም።

አልጋ ቤቶቹ ሞልተው ነበር። አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዝናቡን ስጠብቅ ባለሱቋ «እህቴ፣ ነይ ግቢ እንጂ፣ ውጭ ምን ያቆምሻል» አለችኝ። ስሟ ኑሪያ ይባላል፤ ዕድሜያችን እኩል ይሆናል። የሆንኩትን ስነግራት ሱቁን ዘጋች፣ ቦርሳዬን ያዘች፣ «ቤት እንሂድ» አለች።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። አማቷ ሐጂ ሙሐመድ ከመግሪብ ሶላት እስኪመለሱ ጠብቀን የድንች ወጥ በነጭ ጤፍ እንጀራ በላን። እኛ አገር እንግዳ መጣ ሲባል ሥጋ ነው ወይ ሩዝ፤ እዚህ ድንቹ ራሱ የክብር ምግብ ነው፣ አፍ ላይ ይሟሟል። ሐጂ «ድሬዳዋ እስላሙ ብዙ ነው ይባላል» አሉኝ። «ብዙ ነው። ጎረቤት ነን፣ በበዓል ምግብ እንላላካለን» አልኳቸው። «እኛም እንደዚያው ነን» አሉና ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንዲሰጡኝ አዘዙ።

ሦስተኛው ቀን

መንገዱ አልተከፈተም። ኑሪያ «ቢያንስ አንዱን ነገር እንሥራ» ብላ የመብራት ቦርሳዬ ምን ምን እንደነበረው ጠየቀችኝ። ብልጭታውን የሚተካ ነገር አልነበረም። «ሌላው ነጭ ነገር ነው» አልኳት። «ከአንድ ወገን የመጣን ብርሃን ወደ ሰው ፊት የሚመልስ።»

«ነጭ ነገርማ ሞልቶናል» አለች። ከመደርደሪያው የአቡጀዲ ጣቃ አወረደችና ሁለት ሰው የሚጋርድ ያህል ቀድዳ ሰጠችኝ። ሱቋ በር ላይ በሁለት መጥረጊያ እንጨት ወጥረን ሞከርነው። ሐጂ ሙሐመድን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ኑሪያ ጨርቁን ይዛ፣ ወደ ግራ ስላት ወደ ግራ፣ ዝቅ ስላት ዝቅ እያደረገች አነሳኋቸው። ስቱዲዮዬ ውስጥ በመብራት ከማነሳው የከፋ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ለስለስ ያለ ነበር። ሐጂ የራሳቸውን ፊት በካሜራው መስኮት ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ቦርሳሽ የጠፋው ለበጎ ነው» አሉኝ። እኔ ገና እንደዚያ ለማለት አልደረስኩም ነበር።

አራተኛው ቀን

ማለዳ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። መናኸሪያ ሄጄ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ረዳቶቹ ሁሉ «ኮሶበር! ኮሶበር!» እያሉ ይጮሃሉ። አንዱ ሞልቶ ሄደ፣ ሌላው ሞልቶ ሄደ። የእንጅባራ የሚባል የለም። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አዝና «አንች፣ ኮሶበር እኮ እንጅባራ ማለት ነው። የድሮ ስሙ ነው» አለችኝ። የሚሄዱልኝን መኪናዎች ሁሉ ተቀምጬ ሸኝቻለሁ ማለት ነው። ሳቅንበት፤ ቀጥሎ በመጣው ላይ አብረን ተጫንን።

አዲስ ቅዳም የምትባለው ከተማ ላይ የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሯል። ከበስተጀርባው ከሰል የሚሆነው ዛፍ ተተክሎ፣ ደን ነው ሲሉት እርሻ፣ እርሻ ነው ሲሉት ደን ይሆናል። ድሬ ቤታችን የምናነደው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እንጅባራ ስደርስ ካፖርቴን ለበስኩ። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ፣ ባጃጆቹ የፕላስቲክ መጋረጃቸውን አውርደው ነው የሚሄዱት። ያደርኩበት አልጋ ቤት ወንበሩ፣ አጥሩ፣ የመጋረጃው ዘንግ ሳይቀር ቀርከሃ ነው። ድሬ ላይ የሽቦ አልጋ ግቢ አውጥተን በምንተኛበት ወር እዚያ ካፖርቴን ሳላወልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ።

አምስተኛው ቀን

ከእንጅባራ ግምጃ ቤት ድረስ መኪና አለ። ከግምጃ ቤት ወደ መንደሩ ግን ጋሪ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ባለጋሪዎቹ በሥራ ተወጥረዋል፤ ፈንታሁን የሚባል አንዱ እሺ አለኝ። «ድሬዳዋ ጋሪ አለ?» አለኝ። «አለ። እንዲህ ያለ ጭቃ ግን የለም» አልኩት። አፌን ሳልዘጋ የጋሪው ጎማ እስከ ዘንጉ ሰመጠ።

ገፋን፣ ድንጋይ ሥሩ አደረግን፣ አልሆነም። ዝናቡ መጣ። ካፖርቴን አውልቄ ካሜራውን ጠቀለልኩበት።

«ዛሬስ ይቅር። ግምጃ ቤት እደሪና ነገ እወስድሻለሁ» አለ ፈንታሁን።

«ነገም ጭቃው ይኸው ነው» አልኩት። «መንደሩን አሳየኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አየኝ፤ በሸራ ጫማዬና በሸሚዝ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ከዚያ ፈረሱን ከጋሪው ፈታ፣ ጓዜን ፈረሱ ጀርባ ላይ ጫነ፣ ጋሪውን መንገድ ላይ ለነበረ ሰው አደራ ሰጥቶ ከፊቴ መራኝ። መሃል ላይ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። በካልሲ ነው የደረስኩት።

የእማማ ቦሰና ቤት በቀርከሃ አጥር የተከበበ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸው የጠቆረ ሴት ናቸው። ማን እንደላከኝ ሳልናገር ወደ ምድጃው አስጠግተው በሞቀ ውሃ እግሬን ማጠብ ጀመሩ። አፈርኩ፤ «ተይ፣ እኔ እታጠባለሁ» ስላቸው ልጃቸው አለሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ተይ» ማለቴ ነው ያስደነገጠው። እዚያ አገር ትልቅ ሰው «እርስዎ» ነው። «ይተዉ» ብዬ አረምኩ። እማማ ቦሰና ሳቁ፤ «እናኑም እንደዚሁ ሆናለች አሉ። አገሩ ነው ያበላሻችሁ» አሉኝ። ማን እንደላከኝ ገብቷቸዋል።

ቅቤ የተቀባ ድንችና ማር በልቼ ሰውነቴ ሲመለስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አልነሳም» አሉ።

«እማማ፣ ከድሬዳዋ ድረስ ነው የመጣሁት።»

«እንግዳዬ ነሽ፣ የወደድሽውን ያህል ተቀመጭ። ፎቶ ግን አልነሳም። በየዓመቱ እመጣለሁ ትላለች። ዘንድሮ በፋሲካ፣ ዘንድሮ በመስቀል። ፎቶዬን ከሰጠኋት ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ቁጭ ልትል ነው። ልታየኝ ከፈለገች እግሯን ታንሳ።»

ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ያጎደሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እንዳልናገር ምያለሁ። ፈንታሁን ልንመለስ እንደሆነ በዓይኑ ጠየቀኝ። «አንተ ሂድ። እኔ ሳላነሳቸው አልመለስም» አልኩት። ጫማ ፈልጎ ከነገ ወዲያ ሊመጣልኝ ቃል ገብቶ ሄደ።

ስድስተኛው ቀን

ዝናቡ ሲወርድ አደረ፣ ሲወርድ ዋለ። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ለእኔ ሥራ ግን የደመና ቀንና አንድ በር ይበቃል። የኑሪያን አቡጀዲ ከበሩ በስተውስጥ ወጠርኩት። እማማ ቦሰና ድንች እየላጡ በጎን ያዩኛል። አልለመንኳቸውም። አለሙን ነው የጠራሁት።

አለሙ የራሱን ፈረስ ፎቶው ውስጥ ካላስገባሁ አለ። ፈረሱ ዝናቡን ተጠልሎ ደጃፉ ላይ፣ አለሙ ልጓሙን ይዞ ከነቁመቱ ተነሳ። ካሜራው ላይ ለአለሙ ሳሳየው እማማ ቦሰና ቢላዋውን አስቀምጠው መጡ።

«ፈረሱ ካንተ ያምራል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔንም እንዲህ ነበር የምታነሽኝ?»

«አይደለም እማማ። እርስዎን ፊትዎን ብቻ ነው።»

«እንዴት ፊት ብቻ? እግር የለኝም? ሰው ሲነሳ ከነሙሉ አካሉ፣ ከነልብሱ ነው።»

«እትዬ እናኑ ናት ፊት ብቻ ያለችኝ። አተልቄ እንድሠራላት።»

«ምን ያህል?»

ሳላስበው በሩን አሳየኋቸው።

እማማ ቦሰና በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዓይኗ ነው» አሉ። አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ።

እኔ ካሜራዬን አየሁ። አልዋሸሁም፣ አልተናገርኩምም። ያ ዝምታ ግን ከመናገር እንደማያንስ አውቄያለሁ።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «እናታችንም እንዲህ ነበረች» አሉ። «መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ሰው መለየት አቃታት፣ ከዚያ የጎረቤት ፊት፣ ከዚያ የእኛን። እናኑ እጇን ይዛ ወንዝ ታወርዳት ነበር፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን። እናኑ ባል አግብታ ስትሄድ እናታችን ፊቷን በእጇ ዳብሳ ነው የሸኘቻት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አለቀሱ። አለሙ ፈረሱን ይዞ ወጣ።

ከዚያ ተነሱ። ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ተመለሱና በሩ ሥር ተቀመጡ።

«እንዴት ልሁን?»

ወደ ብርሃኑ አዞርኳቸው። ግንባራቸውና ጉንጫቸው በደንብ እንዲለይ፣ ጥላው ጥቁር፣ ብርሃኑ ብሩህ እንዲሆን ነው የፈለግሁት፤ ደካማ ዓይን የሚይዘው እሱን ነው። ስቱዲዮዬ ውስጥ ሰው ሁሉ «አለስልሽልኝ፣ አቅይልኝ» ይለኛል። እማማ ቦሰና ከዓይናቸው ሥር የወረደውን መስመር በጣታቸው ነክተው «ይህች ትታያለች?» አሉኝ።

«ትታያለች።»

«እንዳታጠፊያት። እሷ ከሄደች ወዲህ የመጣች ናት፤ እናኑ አታውቃትም።»

ብዙ አነሳኋቸው። በመጨረሻ፣ ድካም ሲጀምራቸውና እኔን ማየት ትተው በበሩ አሻግረው ዝናቡን ሲያዩ፣ የፈለግሁት ፊት መጣ።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንግዲያው ልብሴን ላሰናዳ።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«ካንች ጋር ነዋ።»

አለሙ ሲሰማ ተቆጣ። መንገዱ አይታወቅም፣ አገሩ ቆላ ነው፣ በዚህ ዕድሜ የት ይኬዳል አለ። በአገውኛ ስለነበር ግማሹን ከእጁ ነው የተረዳሁት። እናቱ እስኪጨርስ ጠበቁትና፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ፣ በአማርኛ «እግሯን ታንሳ ስል ነበር። እሷ ማንሳት ካልቻለች እኔ አነሳለሁ። ላሞቹን አደራ» አሉት።

የመመለሻው መንገድ

ፈንታሁን ቃሉን ጠብቆ ሌላ ጫማ ይዞልኝ መጣ፤ የእህቱ ነው፣ ትንሽ ይጠባል። እማማ ቦሰናን ፈረሱ ላይ አስቀመጥናቸው። ከግምጃ ቤት ወዲያ ያለውን መኪና አልቻሉትም፤ እያስመለሳቸው እስከ ዳንግላ ድረስ ላስቲክ ይዤላቸው ተጓዝን። ዳንግላ ላይ ኑሪያ ዝንጅብል አፍልታ አጠጣቻቸውና አዳራቸው እዚያው ሆነ። ከሐጂ ሙሐመድ ጋር ስለ ድሮ ገበያ ሲያወሩ አመሹ፤ ወጣት ሳሉ በርበሬ ይዘው ዳንግላ ገበያ በእግራቸው ይመጡ ነበር አሉ። አውሮፕላኑን ግን አልፈሩትም። «ከሚኒባሱ ይሻላል፣ ጭቃ የለውም» አሉኝ።

ድሬ ስንወርድ በሩ ላይ የመታቸው ሙቀት አስቆማቸው። «ምድጃ ነው የከፈቱት?» አሉ።

እትዬ እናኑ ግቢዋ ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር በርበሬ እየለቀመች ነበር። የሰው ጥላ ሲያርፍባት ቀና ሳትል «ዛሬ አልሸጥም፣ ነገ ኑ» አለች።

እማማ ቦሰና በአገውኛ አንድ ቃል አሉ። ምን እንዳሉ እስካሁን አልጠየቅኩም። እትዬ እናኑ ተነሳች፤ በርበሬው ከጭኗ ተበተነ። የእህቷን ነጠላ ከፊታቸው ገለጠችና ግንባራቸውን፣ ቀጥሎ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ አገጫቸውን፣ ተራ በተራ አየች፤ በአንዴ ሙሉውን ማየት አትችልም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ነገርሻት!» አለችኝ።

«እሷ አልነገረችኝም» አሉ እማማ ቦሰና። «አንችው ነሽ የነገርሽኝ። በር የሚያህል ፎቶ የሚያዝ ሰው ዓይኑ ደህና ነው?»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ሆነ። እኔ ካሜራዬን አልነካሁም።

እማማ ቦሰና እስከ አጨዳው ድረስ ቆዩ። ሙቀቱን እያማረሩ፣ እግራቸውን ገበቴ ውሃ ውስጥ ነክረው። ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ፤ የእሳቸውም ዓይን ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። እትዬ እናኑ የታዘዘላትን የዓይን ጠብታ በየቀኑ እንደማትጨምር የተጋለጠውም ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ካላቋረጠችው የቀረው ዓይኗ ሊቆይ ይችላል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እማማ ቦሰና ጭንቅላቷን ይዘው እያንጋለሉ ያንጠባጥቡላታል፤ ስታስቸግር በአገውኛ ይቆጧታል። እትዬ እናኑም በዚያው ትመልሳለች። ያን ያህል ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ያ ቋንቋ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ፎቶውን አትሜ ብወስድላትም አልሰቀለችውም። «ባለቤቷ እዚህ ቁጭ ብላ ፎቶዋን ምን አደርገዋለሁ» ብላ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አኖረችው። እማማ ቦሰና ጥቅምት ላይ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እትዬ እናኑ፣ ሊሸኛቸው የሄደው ልጇ ከአየር ማረፊያው ሳይመለስ፣ ሰው ልካ አስጠራችኝ። ሚስማርና መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ወጥሬ መታሁት።

እትዬ እናኑ መጀመሪያ ከግቢው ሆና አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ መሃል ገባች። አንድ እርምጃ ጨመረች፣ ሌላ ጨመረች፣ ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። በርጩማ እንዳቀብላት እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። አቀበልኳት፤ እዚያው አስቀምጣው ተቀመጠች።

«ከዚህ ትታየኛለች» አለች። «ያች ከዓይኗ ሥር ያለችው መስመር እንኳ።»